የዱቄቱ ቃለ መሐላ፦ የቻርልስ ኢንግልስ ሕይወት በቤተሰቡ መዛግብት

ኖቬምበር 30 ቀን 1875 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚኒሶታ አንድ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ገበሬ ምንም ዓይነት መተዳደሪያ እንደሌለው በመሐላ አረጋግጦ ፈረመ። በፊርማው የተቀበለው ሁለት ግማሽ በርሜል ዱቄት ነበር፤ ዋጋው 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ሚስቱ በዚያው ወር የመጀመሪያ ቀን ወንድ ልጅ ወልዳለች።

ገበሬው ቻርልስ ኢንግልስ ነው። ሴት ልጁ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር ከ1932 ጀምሮ ባሳተመቻቸው የልጆች መጻሕፍትና ከ1974 እስከ 1983 በታየው የቴሌቪዥን ድራማ አማካይነት፣ የማንንም እጅ ሳያይ በክንዱ ያደረ አሜሪካዊ አቅኚ ሆኖ በብዙ አገር ይታወቃል። ስለ ቃለ መሐላው መጻሕፍቱ አያነሡም።

የሰውየውን እርምጃ ለመከተል የሚረዱት ጥቂት ወረቀቶች ናቸው፤ ልደትና ሞት የተመዘገበበት የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የፌዴራል ሕዝብ ቆጠራ ዝርዝሮች፣ የመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይል፣ እንዲሁም ላውራ በ1930 ጽፋው በ2014 ለአንባቢ የቀረበው የሕይወት ታሪኳ ረቂቅ። በወንጌል ኅዳግ ላይ የጉልት ስጦታ ሲጻፍ ለኖረበት አገር ሰው ይህ ዓይነቱ ምንጭ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በርስት አገር የትውልድ ቆጠራ በዳኛ ፊት የመሬት መብት ያስገኝ ነበር፤ ለኢንግልስ የዘር ሐረጉ ምንም አይፈይድለትም። በምዕራቡ የአሜሪካ ሜዳ መሬት የሚያስገኘው ቦታው ላይ መቀመጥና መቀመጥንም ለመንግሥት ማስረዳት ነበር።

ኢንግልስ በጃንዋሪ 1836 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በ1860 በዊስኮንሲን ካሮላይን ክዋይነርን አገባ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኑሮው ጓዝ መጫንና ማራገፍ ነበር። በፔፒን አቅራቢያ የነበረውን መሬት ዋጋው በየጊዜው እንዲከፈለው ተዋውሎ ሸጠና በ1869 ካንሳስ ገባ። ላውራ ስለዚህ ዘመን በ1935 ባሳተመችው መጽሐፍ ቤታቸውን ከኢንዲፔንደንስ ከተማ አርባ ማይል አርቃ አስቀመጠችው፤ ይህን ርቀት ወደ ደቡብ የተከተለ ሰው ኦክላሆማ ውስጥ ይገባል። እሷም ቦታውን የፈለገችው እዚያ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ ግን ሦስተኛዋ ልጅ ካሪ ኦገስት 3 ቀን 1870 በካንሳስ፣ በሞንትጎመሪ አውራጃ መወለዷን ይመሰክራል። የዚያው ክረምት ቆጠራም ቤተሰቡን በዚሁ አውራጃ፣ በራትላንድ መዝግቦታል። ቤቱ የነበረው ከከተማዋ አሥራ ሦስት ማይል ያህል ርቆ ነው።

ከርቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው በቆጠራው ላይ የመሬት ንብረት ግምት የሚጻፍበት ዓምድ ነው፤ ባዶ ነው። መሬቱ በውል የኦሴጅ ሕዝብ ስለነበር ሰፋሪዎቹ የባለቤትነት መብት አልነበራቸውም። ኢንግልስ ቤት የሠራውና ጉድጓድ የቆፈረው በሰው አገር ላይ ነበር። በጁላይ 1870 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ኦሴጆች ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት እንዲሄዱና መሬታቸው አንዱ ኤክር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለሰፋሪዎች እንዲሸጥ ተወሰነ። በመጽሐፉ ውስጥ ቤተሰቡ የሚነቀለው ወታደሮች ሰፋሪዎችን ሊያስወጡ ነው ተብሎ፣ አባትየውም ዋሽንግተንን እየወቀሰ ነው። በሰነዱ ግን መንግሥት ያስነሣው ኦሴጆችን ነው፤ ያስነሣውም እንደ ኢንግልስ ላሉት ነው። ኢንግልስ በ1871 ወደ ዊስኮንሲን የተመለሰው የቀድሞ መሬቱ ገዢ መክፈል ስላቃተው ነበር።

ቀጥሎ ዛሬ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ወደ ሚኒሶታ ተሻገረ። ያ አገር ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ የዳኮታ ሕዝብ የተባረረበት ነው። ኢንግልስ በ1874 በዋልነት ግሮቭ አጠገብ ሲሰፍር አንበጣው ቀድሞት ገብቷል፤ መንጋው ከ1873 እስከ 1877 የግዛቲቱን አዝመራ ደጋግሞ በላ። ለተጎዱት የሚሰጠው እርዳታ ብዙ ጊዜ ድህነትን በመሐላ ማረጋገጥን የሚጠይቅ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ የፈሩት ረሀቡን ብቻ ሳይሆን ገበሬው እርዳታ እንዳይለምድ ጭምር ነው። ይህ ሥጋት ለሰብአዊ እርዳታ ባለሙያዎች አዲስ አይሆንም። ኢንግልስ በ1876 መሬቱን ሸጠ። በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የተመዘገበው ብቸኛ ወንድ ልጅ ቻርልስ ፍሬድሪክም በዚያው ዓመት ኦገስት 27፣ ዘጠኝ ወሩን አልፎ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሕፃኑም፣ ቤተሰቡ ቀጥሎ በአዮዋ በሆቴል ሥራ ያሳለፈው ጊዜም በልጆቹ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ አላገኙም። ዕዳ መክፈል አቅቷቸው ከአዮዋ በሌሊት መውጣታቸው የሚታወቀው ከረቂቁ ነው።

ስለ ልጁ ሞት ዝም ማለት የእናትና የእህት ኀዘን ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። የመንግሥትን እጅ መሰወር ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቋ ልጅ ሜሪ በ1879 ዓይኗ ጠፍቶ በአዮዋ የዓይነ ስውራን ኮሌጅ ስትማር፣ የትምህርት ክፍያዋን የሸፈነው የዳኮታ ቴሪቶሪ አስተዳደር ነበር። መጻሕፍቱ በሚነግሩን ታሪክ ውስጥ ወጪውን የሚሸከመው የቤተሰቡ ላብ ብቻ ነው። የላውራ ልጅ ሮዝ ዋይልደር ሌን የእናቷን ጽሑፎች አርማ ያሰናዳች፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን «ኒው ዲል» አጥብቃ የተቃወመች ጸሐፊ ነበረች። የእሷ ወራሽ ሮጀር ማክብራይድ ደግሞ ከድራማው አዘጋጆች አንዱ ሆነ፤ በ1976ም የመንግሥትን ሚና ለመቀነስ የሚታገለው የሊበርታሪያን ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ እጩ ነበር። አያትየው የፈረመው የዱቄት ወረቀት ያን ጊዜ በመዝገብ ቤት ነበር።

የመጨረሻው ፋይል የተከፈተው በዳኮታ፣ በዲ ስሜት ነው። ኢንግልስ ለባቡር ኩባንያ እየሠራ ወደዚያ ደርሶ በፌብሩዋሪ 1880 በሆምስቴድ ሕግ መሬት አስመዘገበ። ሊንከን በ1862 የፈረመው ይህ ሕግ አምስት ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰው መሬቱን በጥቂት የመዝገብ ክፍያ ይሰጥ ነበር፤ በጠቅላላው 270 ሚሊዮን ኤክር ያህል በዚህ መንገድ ተከፋፍሏል። ኢንግልስ በ1886 ምስክሮቹን አቅርቦ መብቱን አጸና። በማግስቱ ዓመት በከተማዋ ውስጥ ቤት ሠራ፤ በ1892 እርሻውን ሸጠ። የቀረውን ዘመኑን በአናጢነትና ኢንሹራንስ በመሸጥ ኖሮ ጁን 8 ቀን 1902 በዚያው ከተማ ዐረፈ።