ዋጋውን የጻፈው ነጋዴ

«ዋጋው ስንት ነው?»

«በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

በአማርኛ ከሚነግድ የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ሥር ይህ ምልልስ አይጠፋም። ሶፋ የሚሸጠውም፣ የፀሐይ ፓነል የሚገጥመውም፣ ከዱባይ ጫማ የሚያስመጣውም ፎቶውን አሳምሮ ይለጥፍና ዋጋውን ይደብቃል። ለምን ቢባል መልሱ ዝግጁ ነው። ተፎካካሪ ያየዋል፣ ዶላሩ ነገ ይጨምራል፣ ገዢውም ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፋል። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ያው ምክንያት ሁሉ እያለው ተቃራኒውን ያደረገ አንድ ነጋዴ ግን አለ፤ ታሪኩም ከእሱ መቶ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማርከስ ሸሪዳን ይባላል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር በሰው ጓሮ የፋይበርግላስ መዋኛ ገንዳ የሚተክል ሪቨር ፑልስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ነበረው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ለገንዳ የሚበደር ሰው ጠፋ፣ የተያዘ ትእዛዝም ተሰረዘ። ድርጅቱ ኪሳራ አፋፍ ላይ ቆመ። እስከዚያ ድረስ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥንና ለኢንተርኔት ማስታወቂያ በዓመት 250 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጡ ነበር፤ አሁን የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ሥራውን ከጀመረበት ቀን አንስቶ ደንበኞች የጠየቁትን ሁሉ በዝርዝር ጻፈ። ከዚያ ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ በድርጅቱ ጦማር ላይ ማውጣት ያዘ። ጦማር ለመጻፍ የሚነሳ ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ምን ልጻፍ?» ነው፤ ሸሪዳን ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አላስፈለገውም፣ ደንበኞቹ ለዓመታት ሲነግሩት ኖረዋልና።

ከዝርዝሩ አናት የነበረው የዋጋ ጥያቄ ነው። የገንዳ ነጋዴ ሁሉ ለዚህ ያለው መልስ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚል ነበር። እውነትም እንደ ሁኔታው ነው፤ ሸሪዳንም የጻፈው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ «ሁኔታው» ምን ምን እንደሆነ መዘርዘሩ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ምንድን ነው? የሚያወርደውስ? ከየት እስከ የት ይደርሳል? ሰዎች ይህን በጉግል ሲፈልጉ የሚመልስላቸው ሌላ ገንዳ ሻጭ ስላልነበረ ጽሑፉ ወደ ላይ ወጣ።

ቀጥሎ ያደረገው ግን ብዙ ነጋዴ የማይደፍረውን ነው። የፋይበርግላስ ገንዳ ችግሮች ምን ምን እንደሆኑ ጻፈ፤ የራሱን ሸቀጥ ጉድለት ማለት ነው። በሪችመንድ ከተማ ጥሩ ገንዳ ሠሪዎች እነማን እንደሆኑ ለሚጠይቁ ደግሞ የተፎካካሪዎቹን ስም ዘርዝሮ የራሱን ድርጅት ከዝርዝሩ አስቀረ። ጎረቤት ነጋዴ ቢሰማ «አብዷል» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የተፎካካሪዎቹን ስም የሚፈልግ ሰው ያንን ዝርዝር የሚያነበው በማን ቤት ተቀምጦ ነው? ሸሪዳን በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ እንደተናገረው፣ በ2011 የማስታወቂያ ወጪው ወደ 20 ሺህ ዶላር ገደማ ወርዶ ሽያጩ ከቀውሱ በፊት ከነበረው በለጠ።

ይህ ታሪክ በንግድ ሥልጠና መድረኮች ላይ እንደ ኢንተርኔት ዘመን ግኝት ሲነገር ይሰማል። አይደለም። ከእሱ በፊት አንድ የማረሻ ፋብሪካ ነበር።

ጆን ዲር አንጥረኛ ነበር። በ1837 የኢሊኖይ ጥቁር አፈር ከብረት ማረሻ ላይ እየተጣበቀ ገበሬውን ሲያስቸግር አይቶ አፈሩ የማይይዘው የአረብ ብረት ማረሻ ሠራ። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1895፣ ኩባንያው ዘ ፈሮው የተባለ መጽሔት ማተም ጀመረ፤ «ትልም» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ እትሞች ማስታወቂያ ይበዛባቸው ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን የኩባንያው ምርት ወደ ኋላ እያለ ገበሬው ማወቅ የሚፈልገው ወደ ፊት መጣ፦ አፈርን እንዴት መንከባከብ፣ ምን መዝራት፣ ሌላው ገበሬ ምን ሞክሮ ምን አተረፈ። በ1912 ከ4 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ አንባቢዎች ይደርስ ነበር። መጽሔቱ ዛሬም አለ። ገበሬው ማረሻ የሚገዛው በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጥያቄ ግን በየወቅቱ አለው። ኩባንያው ያንን ረጅም ክፍተት የሞላው በወረቀት ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ በፈረንሳይ የሚሽላን ወንድማማቾች፣ አንድሬና ኤዷር፣ ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ጎማ ሠሪዎች ናቸው፤ በአገሩ ሁሉ ግን ሦስት ሺህ የሚሞላ መኪና አልነበረም። በ1900 አንድ መመሪያ 35 ሺህ ቅጂ አሳትመው በነጻ አደሉ። ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ መካኒክ የት እንዳለ፣ የት እንደሚታደር የሚል ነው። ሰው ብዙ ከተጓዘ ጎማው ያልቃል። ዛሬ ምግብ ቤቶች የሚንሰፈሰፉለት ኮከብ የመጣው ከዚህ የጎማ ሻጭ መጽሐፍ ነው።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች ውስጥ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ወደ አንባቢው የሚሄድበት መንገድ በአብዛኛው በጻፊው እጅ ነበር። የገበሬው አድራሻ በነጋዴው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ መጽሔቱ በፖስታ ይሄዳል፣ መካከል ገብቶ «ይህን ገበሬ ዛሬ አላሳየውም» የሚል የለም። ወጪው ግን ከባድ ስለሆነ ለትንሽ ነጋዴ አይደፈርም። ትንሹ ነጋዴ የነበረው የስልክ ማውጫው ቢጫ ገጽ ነበር፤ እዚያም ተራው በፊደል ስለሚሄድ የአሜሪካ ቧንቧ ሠራተኛ ሱቁን «ኤ ኤ ኤ ቧንቧ» ብሎ ይሰይም ነበር። ቀድሞ ለመታየት ሲባል ቦታው ያወጣውን ደንብ ማጭበርበር ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ አመል ነው።

ጦማር የመጣው ያንን የወጪ ግንብ ይዞ ሊያፈርስ ነው። ብሎገር የተባለው አገልግሎት በ1999 ሲከፈት ማንም ሰው ያለ ማተሚያ ቤትና ያለ ፖስታ መጻፍ ቻለ። በ2005 መጀመሪያ ቶማስ ማሆን የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ በጓደኛው ሂዩ ማክላውድ ጉትጎታ ጦማር ጀመረ። ማሆን የለንደን ስመ ጥር ሰፊዎች መንደር በሆነው ሳቪል ሮው የሠለጠነ ነው፤ የሚኖረው ግን ከለንደን ርቆ በሰሜን እንግሊዝ፣ ካምብሪያ ነበር። የሳቪል ሮው ሰፊዎች ስለ ሥራቸው አደባባይ ወጥቶ ማውራት የሚወዱ አልነበሩም። እሱ ግን ሱፍ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ በልክ ተሰፋ የሚባለውና በእርግጥ በልክ የተሰፋው በምን እንደሚለያዩ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚወጣ ጻፈ። አትላንቲክ ማዶ ካሉ ደንበኞች ትእዛዝ ይመጣለት ጀመር።

ችግሩ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጦማሩ የነጋዴው ነው፤ ወደ ጦማሩ የሚወስደው መንገድ ግን የጉግል ሆነ።

ጉግል በ1998 ሲመሠረት የነበረው ሐሳብ አንዱ ገጽ ለሌላው የሚሰጠውን ሊንክ እንደ ድምፅ መቁጠር ነበር። ሰው ድምፅ ዋጋ እንዳለው ካወቀ መሸጥና መግዛት ይጀምራል። ሊንክ ተሸጠ፣ ተገዛ፤ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሃምሳ ጊዜ ተደጋገመ። በኅዳር 2003 ጉግል ይህን ለማጽዳት «ፍሎሪዳ» የሚል ስም የተሰጠውን ለውጥ አደረገ። ጊዜው ልክ የገና ገበያ መግቢያ ነበር። አጭበርባሪ ተመታ፤ ከአጭበርባሪው ጋር ግን ምንም ያላደረጉ ትናንሽ ሻጮችም ከፍለጋው ገጽ ተሰወሩ። ለአንዳንዱ የዓመቱ ገቢ አብዛኛው የሚገባው በእነዚያ ሳምንታት ነው። አቤት የሚባልበት መስኮት ደግሞ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ዲማንድ ሚዲያ በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ኮምፒውተሩ ሰዎች በጉግል የሚፈልጉትን ያያል፣ ለዚያ ቃል ማስታወቂያ ነጋዴ ስንት እንደሚከፍል ያሰላል፣ ከዚያ የጽሑፍ ርዕስ ያወጣል። ርዕሱ ለነጻ ጸሐፊ ይሰጥና በአንድ ጽሑፍ 15 ዶላር ገደማ ይከፈለዋል። ኢሀው የተባለው ገጻቸው በዚህ መንገድ ሞላ። በጥር 2011 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ከኒው ዮርክ ታይምስ ኩባንያ በልጦ ዋለ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል። ዲማንድ ሚዲያ ያደረገው ከሸሪዳን ዘዴ ጋር በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ሰው የሚጠይቀውን ፈልጎ መልሱን መጻፍ። ጥያቄው አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ሸሪዳን ጉድጓዱን ያስቆፈረ ሰው መሆኑ ነው። ድንጋይ ሲገኝ ወጪው በስንት እንደሚጨምር የሚያውቀው ከኪሱ ስለከፈለ ነው። የ15 ዶላሩ ጸሐፊ ግን ዛሬ ስለ ገንዳ፣ ነገ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ከነገ ወዲያ ስለ ውሻ ምግብ ሌሎች የጻፉትን አይቶ በሌላ ቃል ይጽፋል። ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፤ በዚያ ክፍያ ስልክ ደውሎ ባለሙያ መጠየቅ እንኳ ያከስራል።

በየካቲት 2011 ጉግል «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ አወጣ፤ በራሱ መግለጫ በአሜሪካ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 12 በመቶ ያህሉን ነካ። ኢሀው የመጀመሪያውን ዙር ቢያመልጥም ቀጣዩ አላለፈውም። ኩባንያው ወደ ቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም፤ በ2016 ስሙንም ቀየረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለሰሚው ያምር ነበር፤ እውነተኛው ተነሳ፣ አስመሳዩ ወደቀ ተብሎ። ነገር ግን በመስከረም 2023 ጉግል እንደገና ለውጥ አደረገ። የአየር ማጣሪያ ማሽኖችን ራሱ ገዝቶ እየሞከረ የሚጽፍ ሀውስፍሬሽ የተባለ ትንሽ ገጽ አንባቢዎቹን ማጣት ጀመረ። በ2024 ባወጡት ጽሑፍ ከጉግል የሚመጣላቸው አንባቢ 91 በመቶ መውረዱን ገለጹ፤ በቦታቸው የወጡት ማሽኑን ነክተው የማያውቁ ትልልቅ መጽሔቶች መሆናቸውንም አሳዩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጉግል በአሜሪካ ከፍለጋው በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ማሳየት ጀመረ። መልሱ የሚቀዳው ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ነው፤ ጠያቂው ግን ወደ ገጹ ሳይገባ ሊሄድ ይችላል። በሐቅ መጻፍ ያስታያል የሚለው የሸሪዳን ውል በሌላኛው ወገን ፊርማ አልነበረበትም።

በኢትዮጵያ ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ የሚዘጋው በአልጎሪዝም ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጧል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገደቡ፤ የተከፈቱት አምስት ወር ያህል ቆይተው ሐምሌ ላይ ነው። ቪፒኤን የሚያውቅ ገዢ ገባ፣ የማያውቅ ቀረ። ሱቁ በሙሉ አንድ ቻናል የሆነ ነጋዴ፣ የደንበኞቹን ስልክ በደብተር ካልያዘ፣ ለእነሱ «አለሁ» የሚልበት መንገድ አልነበረውም። የጆን ዲር ሰዎች የአድራሻ መዝገብ እዚህ ላይ ትዝ ይላል።

የአማርኛ ነጋዴ ሌላም ጣጣ አለበት። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ፣ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ፤ «ዋጋ» ብሎ የሚጠይቅ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፍ። ቃሉ አንድ ሆኖ አጻጻፉ አራት ስለሚሆን ፈላጊና ተፈላጊ ጎን ለጎን ሆነው ሳይገናኙ ይቀራሉ። በቻናል የተለጠፈው ደግሞ በሳምንቱ በአዳዲስ ልጥፎች ተገፍቶ ይሰወራል፤ ያው ደንበኛ ያንኑ ጥያቄ በወሩ መልሶ ይጠይቃል፣ ያው መልስ በውስጥ መስመር ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው ሰው ሳያየው ይቀራል። በአንጻሩ በአማርኛ ለአንድ ተራ የገዢ ጥያቄ፣ ለምሳሌ ሁለት ክፍል ቤት ለማብራት ስንት ፓነልና ምን ያህል ባትሪ እንደሚበቃ፣ ቁጥር ይዞ የሚመልስ ገጽ ማግኘት አሁንም አድካሚ ነው። ሸሪዳን በ2009 ያገኘው ባዶ ቦታ በእንግሊዝኛ ከሞላ ቆይቷል።

የሶፋው ፎቶ ሥር ያሉትን አስተያየቶች ወደ ታች ለሚያነብ ሰው ከ«ዋጋው ስንት ነው?» ቀጥሎ ሌሎችም አሉ። «ውስጡ ያለው እንጨት ምንድን ነው?» «ስፖንጁ በስንት ዓመት ይሰምጣል?» «አዳማ ድረስ ታመጣላችሁ?» «ጨርቁ ይወልቃል ወይስ እዚያው ነው የሚታጠበው?» ለሁሉም የተሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የስልክ ቁጥር።