የኢታኖል ነዳጅ በምዕራብ ጎጃም

የኢታኖል ነዳጅ ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ፣ ከበቆሎ ወይም ስኳርና ስታርች ካለው ሌላ ምርት የሚወጣ፣ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ በተሽከርካሪ ሞተር የሚቃጠል አልኮል ነው። በኢትዮጵያ የሚመረተው በመንግሥት ስኳር ፋብሪካዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፊንጫ ከምዕራብ ጎጃም ብዙም ሳይርቅ ከአባይ ማዶ፣ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞን ይገኛል። ይሁን እንጂ ድብልቁ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ማደያዎች ሳይሆን ለአዲስ አበባ ነበር የተመደበው።

ድብልቁና ደባላቂዎቹ

መንግሥት የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 5 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ፤ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። መጀመሪያ የደባለቀው ናይል ፔትሮሊየም በሱሉልታ ዴፖው ሲሆን፣ ኦይል ሊቢያና ናሽናል ኦይል ኢትዮጵያ (ኖክ) ቆይተው ገብተዋል። ሱሉልታ ያለችው በጎጃም መንገድ ላይ ነው፤ ድብልቁን የጫነው ቦቴ ግን ወደ መዲናዋ ይመለስ ነበር።

የነዳጅ መሸጫ ዋጋን የሚተምነው መንግሥት ስለሆነ ኩባንያዎቹ ዋጋውን በራሳቸው መቀየር አይችሉም። ተጽዕኗቸው ያለው በአቅርቦቱ ላይ ነው። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃ ከገባበትም ከቤንዚኑ ይለያል። ስለዚህ ደረቅ የሆነ የተለየ ታንከርና የመደባለቂያ መሣሪያ ይፈልጋል። ይህን አንድ ትልቅ ከተማ አጠገብ መትከል፣ በየዞኑ ከመትከል ይረክሳል።

መጠኑም ጠባብ ነው። የፊንጫ ዓመታዊ የማምረት አቅም 20 ሚሊዮን፣ የመተሐራ 12.5 ሚሊዮን ሊትር ነው የተባለው። ሁለቱ በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ እንኳ 10 በመቶ የሚደባለቀው 325 ሚሊዮን ሊትር ብቻ ነው። ሞላሰሱን ደግሞ የመጠጥ አልኮል ፋብሪካዎችና የከብት መኖ አምራቾች ይሻሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወቅት የፋብሪካዎቹ አልኮል ለእጅ ማጽጃ ውሏል። ምርቱ ሲያንስ ድብልቁም ተቋርጧል።

ብራዚል በ1975 (እ.ኤ.አ.) የጀመረችው ሰፊ ፕሮግራምም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የስኳር ዋጋ ሲወደድ ባለፋብሪካዎቹ አገዳውን ወደ ስኳር አዞሩት፤ በኢታኖል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ባለቤቶችም ነዳጅ አጡ።

በአካባቢው ያለው ፋይዳ

ኢታኖል የሚደባለቀው ከቤንዚን ጋር ነው። ስለዚህ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚነካው ባጃጅና ሞተር ብስክሌትን ነው፤ የበቆሎና የስንዴ ጭነት የሚያመላልሱት አይሱዙዎችና ትራክተሮች በናፍጣ ስለሚሠሩ አይነካቸውም። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ለባጃጅ ነጂው የሚያዋጣው ዋጋውም በዚያው ልክ ሲረክስ ነው፤ ለአገር ግን ከጅቡቲ የሚመጣውን ቤንዚንና የውጭ ምንዛሪውን ይቀንሳል።

በጎጃም ገጠር ከበቆሎ፣ ከዳጉሳና ከጌሾ የሚወጣው አረቄም ኢታኖል አለበት። ሆኖም ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ለቤንዚን የሚሆነው ከ99 በመቶ በላይ የጠራ መሆን አለበት። ከአባይ ወዲህ ያለው ቅርብ የአገዳ እርሻ በአዊ ዞን ጃዊ አካባቢ የጣና በለስ ፕሮጀክት ነው።