አረብ ብረት ማጠንከር (በቤት ወርክሾፕ)
አረብ ብረትን አግሎ ዘይት ውስጥ በመንከር የማጠንከር፣ ቀጥሎም መልሶ በማሞቅ የማለዘብ ሥራ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ኦ1 የተባለው የመሣሪያ ብረት ሲሆን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ማግኔት ያስጠጋ፤ 770 ዲግሪ አካባቢ ብረቱ በማግኔት መሳቡ ይቀራል፤ ከዚያ ጥቂት መጨመር ነው። ቀጭን ዘንግ በቁሙ ይነከር፤ በጎኑ ከገባ አንዱ ወገን ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይጣመማል፣ የቀናት ልፋትም ከንቱ ይቀራል። በደንብ በጠነከረ ብረት ላይ ሞረድ ይንሸራተታል እንጂ አይበላውም፤ ብረቱ ቢወድቅ ግን እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ይሞቃል፦ 230 ዲግሪ ገደማ የሚታየው የገለባ ቀለም ለመቁረጫ፣ 300 ገደማ የሚመጣው ሰማያዊ ለሞላ ይስማማል። ብረቱ በሥራው መጠኑን ስለሚለውጥ፣ ልኩ የሚጠበቅ ክፍል አስቀድሞ ትርፍ ይተውለታል፤ ትክክለኛ ልኩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ በመሞረጃ ድንጋይ ነው።