የጤፍ ብረትና የአውድማ አፈር፦ የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ታሪክ

የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ በአንድ አገር የሚበሉ እህሎች፣ ጥራጥሬዎች፣ አትክልቶች፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦዎች ከሚበላው ክፍላቸው በ100 ግራም ውስጥ ምን ያህል ውኃ፣ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ማዕድንና ቫይታሚን እንዳለ በቁጥር የሚዘረዝር የላቦራቶሪ መዝገብ ነው። ከባለሙያዎች በቀር እምብዛም የሚገልጠው ባይኖርም፣ የሕፃናት አልሚ ምግብ ሲቀመም፣ የእርዳታ ራሽን ሲመተር፣ የሆስፒታል ምግብ ሲወሰን፣ አንድ ሕዝብ ጠግቦ ማደሩ ብቻ ሳይሆን የሚበቃውን ንጥረ ነገር ማግኘቱ ሲጠና፣ ስሌቱ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ መዝገብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው በአውሮፓና በአሜሪካ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ኮኒግ በ1878፣ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተርም ከባልደረባው ዉድስ ጋር በ1896 ያሳተሟቸው ሰንጠረዦች ለኋለኞቹ አርአያ ሆነዋል። ዛሬ በታሸገ ምግብ ላይ የሚነበበው የካሎሪ ቁጥር አንድ ግራም ፕሮቲንና አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት እያንዳንዳቸው 4፣ አንድ ግራም ቅባት ደግሞ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ በሚለው የአትዋተር ስሌት የተገኘ ነው። የፕሮቲኑ ቁጥር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የዴንማርኩ ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል በ1883 ይፋ ባደረገው ዘዴ መሠረት ምግቡ በጠንካራ አሲድ ተቀቅሎ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ይለካና፣ የተገኘው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ6.25 ተባዝቶ ፕሮቲን ይባላል፤ መሣሪያው የሚያየው ናይትሮጅንን እንጂ ፕሮቲንን አይደለም ማለት ነው። ይህች ክፍተት ምን ያህል ልትጎዳ እንደምትችል በ2008 ቻይና ውስጥ ታይቷል፤ ውኃ በተቀላቀለበት ወተት ላይ በናይትሮጅን የበለጸገው ሜላሚን የተባለ ኬሚካል እየተጨመረ የፕሮቲኑ ልኬት ከፍ እንዲል በመደረጉ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመው 6 ሞተዋል። ካርቦሃይድሬት ደግሞ በቀድሞዎቹ ሰንጠረዦች ጭራሽ አልተለካም። ከ100 ላይ ውኃው፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና አመዱ ተቀንሰው የቀረው ሁሉ በዚህ ስም ስለሚጠራ፣ በሌሎቹ ልኬቶች የተሠራው ስሕተት ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የሥነ ምግብ ጥናት ቡድን በ1958 በአገሪቱ ተዘዋውሮ ያሰባሰበው ውጤት በ1959 ታተመ፤ በ1962 ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቋሙን በስሙ ባያውቁትም ከሥራዎቹ አንዱን ቀምሰውታል፤ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ተቀላቅለው የሚዘጋጀው ፋፋ የወጣው ከዚያ ነው። ሕፃን ሲወፍርና ሲያምርበት «ፋፋ» ከሚለው የእናቶች ቃል የተወሰደው ይህ ስም፣ ለአንድ የፋብሪካ ምርት ከወጡት ስሞች ሁሉ ሳይሻል አይቀርም።

አልሚ ምግብ ለመቀመም የአገሩን እህል ይዘት ማወቅ ግድ ስለነበር፣ ኦግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ በ1968 ታተመ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል ሰንጠረዥ ያወጣው በዚያው ዓመት ነበር፤ ሆኖም ስለ እንጀራ፣ ስለ ሽሮ፣ ስለ ቆጮና ስለ ቡላ የሚጠይቅ ሰው ከአህጉራዊው መዝገብ ይልቅ የአገር ውስጡን መግለጡ የማይቀር ነው። ሥራው በተጨማሪ ክፍሎች ቀጥሎ፣ ኢንስቲትዩቱ በ1995 ከማዕከላዊ ላቦራቶሪና ከባህል መድኃኒት ጥናት ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ከሆነ በኋላ ሦስተኛው ክፍል በ1998፣ አራተኛው በ2000 ለኅትመት በቅተዋል። ተቋሙ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል።

ከሰንጠረዡ ረድፎች ሁሉ ተመራማሪን እጅግ ያነጋገረ ቢኖር የጤፍ ብረት ነው። ብረት ደም ኦክስጅን እንዲሸከም የሚያስችል ማዕድን ሲሆን፣ ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያህል እንድታገኝ ይመከራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በተለያየ ጊዜ ተመርምሮ የተመዘገበው ጤፍ ግን በ100 ግራም ከ10 ሚሊ ግራም አካባቢ ተነሥቶ፣ በቀይና በሠርገኛ ጤፍ ላይ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል፤ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር መዝገብ በበኩሉ ለጥሬ ጤፍ የያዘው ቁጥር 7.63 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በአንድ ዓይነት እህል ላይ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚራራቅ ልኬት ሲገኝ፣ ልዩነቱን ከእህሉ ውጭ መፈለግ የግድ ይሆናል።

መልሱ የተገኘው አውድማ ላይ ነው። አውድማው መሬቱ ተደልድሎና በእበት ተለቅልቆ ይዘጋጃል፣ ነዶው ይበተንበታል፣ በሬዎቹ ዙሪያውን እየዞሩ በሰኮናቸው ያበራዩታል፣ ገለባው በመንሽ ይነሣል፣ ፍሬው ለነፋስ ይሰጣል። የጤፍ አንድ ሺህ ፍሬ ቢመዘን ክብደቱ ከግራም ሲሦ እምብዛም ስለማያልፍ፣ አንድ እፍኝ ጤፍ ከአንድ እፍኝ ስንዴ ይልቅ አቧራ የሚይዝበት ገጽ እጅግ ሰፊ ነው፤ የደጋው ቀይ አፈር ደግሞ በብረት የበለጸገ ነው። በወንፊት ሲነፋና በሰፌድ ሲበጠር ጠጠሩና ገለባው ቢወጣም፣ ፍሬው ላይ የተጣበቀው ደቃቅ አፈር አብሮ ተፈጭቶ፣ አብሮ ተቦክቶ፣ እንጀራ ሆኖ ይቀርባል። የሥነ ምግብ ክፍሉ ባልደረባ የነበረው ስዊድናዊው ሐኪም ቡ ሆፍቫንደር በ1968 ያሳተመው የደም ጥናት ያተኮረው በዚሁ ከመጠን ባለፈ የብረት መጠን ላይ ነበር፤ በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም ጤፍ አፈሩ በሚገባ ሲታጠብለት ብረቱ ከሌሎች የብርዕ እህሎች ብዙም እንደማይርቅ አሳየ።

እዚህ ላይ ስሕተቱ የኬሚስቱ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በብልቃጡ ውስጥ የነበረው ብረት በእርግጥ ነበረ፣ በላተኛውም በእርግጥ ይውጠዋል፤ የአፈር ብረት ግን አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ያልፋል፤ የእህሉንም ብረት ቢሆን በፍሬው ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አንቆ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ የፋይቴቱ መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አብሲት የምትጥል እናት ሳታውቀው የኬሚስትን ሥራ ታግዛለች። ሰንጠረዡ ግን «ስንት አለ?» ለሚለው እንጂ «ስንቱ ይጠቅማል?» ለሚለው መልስ አልነበረውም። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው መዝግቧል። ደም ማነስ ከወባና ከአንጀት ትላትል ጭምር ስለሚመጣ ጥፋቱ ሁሉ በብረት እጥረት ባይሳበብም፣ የሰንጠረዡን ቁጥር ብቻ ያነበበ ሰው ግን ጤፍ በሚበላ አገር የብረት ችግር ሊኖር አይችልም ብሎ መደምደሙ አይቀርም ነበር።

የጓያ ረድፍ ሌላውን ጉድለት ያሳያል። ጓያ ፕሮቲኑ ከአብዛኞቹ ጥራጥሬዎች የማያንስ፣ ድርቅ የሚቋቋም እህል በመሆኑ፣ በንጥረ ነገር ዓምዶች ብቻ የሚዳኝ ቢሆን ተመራጭ ይባል ነበር። ነገር ግን በውስጡ የነርቭ መርዝ አለ፤ ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት እሱኑ በብዛት የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመድና ተመልሶ አይድንም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደምቢያና ፎገራ ላይ የደረሰው ጉዳት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በተመሳሳይ ሁኔታ፣ እርጥበት ባገኘው በርበሬ ወይም ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን በፕሮቲንና በቅባት ዓምዶች ውስጥ አይታይም። የምግብ ደኅንነት ምርመራ የራሱ ላቦራቶሪ፣ የራሱም መዝገብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀድሞዎቹ ክፍሎች ያልያዙት ዓምድም ነበር። ዚንክ የሕፃናትን ዕድገት የሚወስን ማዕድን መሆኑ በሚገባ ሳይታወቅ የተዘጋጁት ሰንጠረዦች ዚንክን አልለኩም፤ በ2000 ግን ኢትዮጵያ ውስጥ በቀነጨሩ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ዚንክ የተሰጣቸው የተሻለ እንዳደጉ አረጋገጠ። በ2005 በአገሪቱ በብዛት የሚበሉ ምግቦች፣ በ2007 ደግሞ የሲዳማ ገጠር ምግቦች ዚንክና ፋይቴት ተለክቶ ታተመ፤ ከሲዳማው ጥናት አዘጋጆች አንዷ ያቺው በ1968 የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ያዘጋጀችው ሮዛሊንድ ጊብሰን ነበረች። በ2011 የተካሄደው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ዳሰሳ ቤተሰቡ ባለፉት 24 ሰዓታት የበላውን እየጠየቀ ወደ ንጥረ ነገር ሲመነዝር ይህን መሰል ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ ከአንድ ትሪ አብሮ ለሚበላ ቤተሰብ ልጁ ስንት ጉርሻ እንደበላ መናገር ራሱ ቀላል አለመሆኑ ሳይረሳ።

ዛሬ በብዙ ቦታ በሬው ለመውቂያ ማሽን፣ አውድማው ለሸራ እየለቀቀ ነው፤ ስለዚህ ከ50 ዓመት በፊት የተለካው ጤፍና አሁን ገበያ ላይ ያለው ጤፍ በስም አንድ ቢሆኑም በብረት አንድ መሆናቸውን መገመት አይቻልም። ሰንጠረዡን የሚያድሱ ባለሙያዎች በጤፍ ረድፍ ላይ ነጭ፣ ቀይ ወይም ሠርገኛ ብለው ከመለየት አልፈው፣ ናሙናው በበሬ ወይስ በማሽን እንደተወቃ፣ በአፈር ወይስ በሸራ ላይ እንደተሰጣ፣ ሳይታጠብ ወይስ ታጥቦ እንደተፈጨ ከቁጥሩ ጎን እንዲጽፉ ያስፈልጋል።