ለማርሻል አርት ማሰልጠኛዎች በተመጣጣኝ ዋጋ የወለል ምንጣፍ መምረጥ፡ ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ የኦሮሚያ ከተሞች ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔና በአካባቢያቸው የማርሻል አርት ማሰልጠኛ ለከፈቱ ወይም ለመክፈት ለተዘጋጁ ተገልጋዮች የቀረበ ነው። ልጆቻቸውን ለሥልጠና የሚልኩ ወላጆችም የማሰልጠኛውን ወለል ለመመዘን ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተካሄደው የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀምሮ መደበኛ የኦሊምፒክ ስፖርት ሲሆን፣ በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክም ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ግራም ምድብ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ወደዚያ ደረጃ የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በኪራይ ከተያዘ ጠባብ አዳራሽና ከሊሾ ወለል ነው። በሊሾ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ሠልጣኝ የሚደርስበት ጉዳት ከምንጣፍ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። በመሆኑም አቅም ውስን በሆነበት ጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ዋና ነጥብ፣ አዳራሹን በሙሉ በቀጭን ምንጣፍ ከመሸፈን ይልቅ ሠልጣኞች የሚወድቁበትን ክፍል በበቂ ምንጣፍ መሸፈን ነው።

1. የምንጣፉን ውፍረት ከሥልጠናው ዓይነት ጋር ማዛመድ

ምንጣፍ ከመግዛት በፊት ሠልጣኞች በወለሉ ላይ ምን እንደሚሠሩ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

ሀ) ቆመው የሚሠሩ ስፖርቶች፦ በቴኳንዶና በካራቴ አብዛኛው እንቅስቃሴ በእግር ቆሞ የሚከናወን ነው። ለእነዚህ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በጥርስ እርስ በርሱ የሚያያዝ የኢቫ ፎም ምንጣፍ በቂ ነው። ምንጣፉ ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ እግር ስለሚሰምጥ፣ ሠልጣኙ በሚዞርበት ጊዜ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ለወለምታ ይጋለጣሉ።

ለ) መጣልና መውደቅ ያለባቸው ስፖርቶች፦ ለጁዶ፣ ለአይኪዶና ለመሳሰሉት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ምንጣፍ ያስፈልጋል። የጁዶ ምንጣፍ በተለምዶ 1 በ2 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከተፈጨ ስፖንጅ ተጨምቆ የሚሠራና በላዩ የፕላስቲክ ሽፋን የሚደረግለት ነው።

ሐ) በአየር ላይ የሚዘለልባቸው ልምምዶች፦ ከፍ ብሎ መዝለልና መገልበጥ ለሚለማመዱ ሠልጣኞች፣ ከመደበኛው ወለል በተጨማሪ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማረፊያ ፍራሽ ሊዘጋጅ ይገባል።

ሁለት ዓይነት ሥልጠና በአንድ አዳራሽ የሚሰጥ ከሆነ፣ ምርጫው ይበልጥ መውደቅ ያለበትን ሥልጠና መሠረት ያደረገ ሊሆን ይገባል።

2. የሚሸፈነውን ስፋት ማስላት

የቴኳንዶና የካራቴ መወዳደሪያ ሥፍራ 8 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ማሰልጠኛ ግን ይህን ስፋት የማሟላት ግዴታ ሳይኖርበት ሥራውን በአግባቡ ማከናወን ይችላል።

ለምሳሌ 6 በ8 ሜትር የሆነ አዳራሽ 48 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ጁዶ የሚያስተምር ማሰልጠኛ 48 ካሬ ሜትሩን በሙሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ምንጣፍ ከሚሸፍን፣ 4 በ6 ሜትር የሆነውን ክፍል ብቻ በ4 ሴንቲ ሜትር ምንጣፍ ቢሸፍን ይመረጣል። ለዚህም 1 በ2 ሜትር የሆኑ 12 ምንጣፎች ይበቃሉ። በዚህ ስፋት ላይ በአንድ ጊዜ ከ4 ጥንድ በላይ ባይወራወር ይመከራል፤ ቀሪዎቹ ሠልጣኞች ተራቸውን እስኪያገኙ በሌላው ክፍል የማሟሟቂያና የቅልጥፍና ልምምድ ሊሠሩ ይችላሉ።

የምንጣፉ ጠርዝ ከግድግዳ፣ ከምሰሶና ከመስኮት ደፍ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሜትር ቢርቅ መልካም ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ግድግዳውና ምሰሶው በስፖንጅ ሊለበጡ ይገባል።

3. ጥራትን በሚዛን ማረጋገጥ

ሁለት ምንጣፎች በመልክና በውፍረት አንድ ሆነው ሳለ በውስጣቸው ያለው ቁስ መጠን በእጅጉ ሊለያይ ይችላል። ይህን ለመለየት ምንጣፉን በኪሎ መመዘን በቂ ነው።

• የጁዶ ምንጣፍ በአንድ ሜትር ኩብ 230 ኪሎ ግራም ገደማ እፍጋት አለው። በዚህ መሠረት 1 በ2 ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምንጣፍ 18 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ይገባል።

• 1 በ1 ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኢቫ ምንጣፍ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ከሆነ 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ የዚህን ግማሽ ካሳየ በውስጡ ያለው ቁስም ግማሽ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ምንጣፍ ቶሎ ይሟሽሻል።

በተጨማሪም ገዢው ምንጣፉን በአውራ ጣቱ አጥብቆ ተጭኖ በሚለቅበት ጊዜ ጉድጓዱ ወዲያው መሙላቱን፣ በጉልበቱ ሲንበረከክበት ጠንካራው ወለል የማይሰማው መሆኑን፣ ጥርሶቹ ሲያያዙ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለመፍጠራቸውን እና የላይኛው ገጽ በላብ ሲረጥብ የማያንሸራትት መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባል።

4. በአካባቢ ማሠራት

የተዘጋጀ ምንጣፍ ለመግዛት አቅም የማይፈቅድ ከሆነ በአካባቢ የሚገኙ ባለሙያዎችን መጠቀም ይቻላል። የሶፋ ሠሪዎች ጠጣር ስፖንጅን በሌዘር ወይም በወፍራም ሸራ ለብጠው መስፋት ይችላሉ። አናጺዎች ደግሞ ምንጣፎቹ እንዳይንሸራተቱ ዙሪያቸውን የሚይዝ የሞራሌ ፍሬም ሊሠሩ ይችላሉ፤ የፍሬሙ ከፍታ ከምንጣፉ በላይ መሆን የለበትም።

ለመኝታ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ቀላልና ለስላሳ በመሆኑ ለመቆሚያ ወለል አይመከርም። ሰው ሲወድቅበት እስከ ሊሾው ድረስ ይጨፈለቃል። ይሁን እንጂ ተደራርቦና በጠንካራ ሸራ ተሰፍቶ ለዝላይ ማረፊያ ፍራሽ ሊያገለግል ይችላል።

5. የአካባቢውን አየር ንብረት ከግምት ማስገባት

አዳማና በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ከተሞች ሞቃትና ነፋሻማ ናቸው። በአዳማ ዙሪያ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉትም ከዚሁ የተነሳ ነው። ስለዚህ፦

• የኢቫ ምንጣፍ በሙቀት ስለሚለጠጥ በምንጣፉና በግድግዳው መካከል ጥቂት ክፍተት ሊተው ይገባል። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ቢጋረድ የምንጣፉ ዕድሜ ይረዝማል።

• ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ገጹን ስለሚያንሸራትትና ስለሚፍቅ፣ ወለሉ ከእያንዳንዱ ሥልጠና በፊት ሊጠረግ ይገባል።

• በክረምት ወራት ከሊሾው የሚወጣ እርጥበት ከምንጣፉ ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ምንጣፉ በየሳምንቱ ተነሥቶ ሊናፈስ ይገባል፤ በመሆኑም በማስቲሽ ከወለሉ ጋር ማጣበቅ አይመከርም።

• በአዳራሹ ውስጥ ጎርፍ የሚገባ ከሆነ ምንጣፉን ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ማኖር ያስፈልጋል።

6. ዋጋን ከአገልግሎት ዘመን ጋር ማነጻጸር

የምንጣፍ ርካሽነት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ዋጋና በሚያገለግልበት ዘመን ነው። ለስሌት ያህል፣ በካሬ ሜትር 1,000 ብር ተገዝቶ 2 ዓመት የሚያገለግል ምንጣፍ በዓመት 500 ብር ያስወጣል። በ1,800 ብር ተገዝቶ 6 ዓመት የሚያገለግለው ግን በዓመት 300 ብር ብቻ ያስወጣል። እነዚህ አኃዞች ለምሳሌ የቀረቡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

በግዥ ወቅት ቢያንስ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ውፍረቱና ክብደቱ በፕሮፎርማው ላይ እንዲጻፍ ማድረግ፣ ርክክቡን በሚዛን ማከናወንና ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ይገባል። ግዥው በሁለት ዙር የሚፈጸም ከሆነ የምንጣፉ ውፍረትና የጥርሱ ቅርጽ ተመሳሳይ መሆኑ አስቀድሞ ሊረጋገጥ ይገባል፤ የተለያየ ከፍታ ያላቸው ምንጣፎች ጎን ለጎን ሲነጠፉ እግር ያደናቅፋሉ።

ከአዲስ አበባ የሚገዙ ተገልጋዮች የማጓጓዣ ወጪን ሊያስሉ ይገባል። ምንጣፍ ከክብደቱ ይልቅ ቦታ ይይዛል። 1 በ1 ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው 50 ምንጣፎች ሲደረደሩ 2 ሜትር ከፍታ ይኖራቸዋል። አጎራባች ማሰልጠኛዎች ግዥውን በጋራ ፈጽመው በአንድ አይሱዙ ቢያስጭኑ ወጪውን ይጋራሉ።

7. ንጽሕናና ደኅንነት

በባዶ እግር የሚሠራበት ወለል ካልጸዳ ጭርትና ሌሎች የቆዳ በሽታዎችን ያስተላልፋል። በጫማ ምንጣፍ ላይ መውጣት ሊከለከል ይገባል። በየዕለቱ ምንጣፉን በሳሙና ውሃ ካጸዱ በኋላ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ መወልወል ይቻላል። ደም የነካው ቦታ ግን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ሊጸዳ ይገባል። በረኪናን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው።

ስፖንጅና ፎም በእሳት ሲያያዙ መርዛማ ጭስ ያወጣሉ። ስለሆነም ከሰል ማንደጃ፣ ሻማና ሲጋራ ወደ አዳራሹ ሊገቡ አይገባም፤ መውጫ በሮችም በተደረደሩ ምንጣፎች ሊዘጉ አይገባም።

ማንኛውም ምንጣፍ የመውደቅ ሥልጠናን አይተካም። ጀማሪ ሠልጣኝ ከመጣሉ በፊት አወዳደቅ ሊማር ይገባል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚደናገር ወይም ራሱን የሳተ ሠልጣኝ ካለ ሥልጠናው ቆሞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

ማሰልጠኛ ለመክፈት ስለሚያስፈልጉ ቅድመ ሁኔታዎች ተጨማሪ መረጃ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ የሚገኘውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ።