የቤት ግብርና የባለቤትነት ሰነድ መዛግብት (ሜሪላንድ)

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የአንድ ቤት የግብር መዝገብና የባለቤትነት ሰነድ በአንድ ቢሮ አይገኙም፤ ብዙ ባለቤቶች የሚደናገሩትም እዚህ ላይ ነው። የቤቱን ዋጋ በየ3 ዓመቱ የሚገምተው የግዛቱ የግምት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የግብር ማስታወቂያውን የሚልከው ካውንቲው ነው። ለምሳሌ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ስለሆነች፣ የግብር ማስታወቂያው የሚመጣው ከዚያ ካውንቲ ነው። በግምት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ ያስገባ ሰው የቤቱን ግምት፣ ያለፈውን የሽያጭ ዋጋና የሰነዱን ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ ሁለት ክፍል አለው፦ ሊበር የሚባለው መዝገቡን፣ ፎሊዮ የሚባለው ገጹን ያመለክታል፤ ሁለቱም ከላቲን የመጡ ቃላት ናቸው።

ሰነዱ ራሱ የሚመዘገበው በካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው። ቅጂውን የግዛቱ ቤተ መዛግብት በሚያስተዳድረው ድረ ገጽ አካውንት የከፈተ ሁሉ በነጻ ያየዋል። ስለዚህ አዲስ ቤት ገዢዎች ዘንድ በፖስታ እየደረሱ ለአንድ ቅጂ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚጠይቁ የግል ድርጅቶች ደብዳቤዎች፣ የመንግሥት ቢመስሉም፣ የሚያስከፍሉት በነጻ ለሚታይ ወረቀት ነው።

ግምቱ የበዛበት ባለቤት የግምት ማስታወቂያው በወጣ በ45 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።