የእንዶድ ፍሬና የወንዝ ቀንድ አውጣ፤ ስለ አንድ የአገር ልጅ ግኝት የቀረበ ሐተታ

መቅድም

በደጋና በወይና ደጋ፣ በአጥር ሥርና በወንዝ ዳር እየተጠመጠመ የሚያድገውን እንዶድን የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው፤ ሳሙና ከባሕር ማዶ መጥቶ በየሱቁ ከመደርደሩ አስቀድሞ እናቶቻችን ፍሬውን ለቅመው፣ አድርቀውና ወቅጠው የነጭ ሸማቸውን እድፍ ያስለቀቁት በእርሱ አረፋ ነበርና። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የልብስ ማጠቢያ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከሥነ ሕይወት፣ ከሕክምናና ከምጣኔ ሀብት ምርምር ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ መመርመር የዚህ ሐተታ ዓላማ ነው። ልናስረዳ የምንሻውም ፍሬ ነገር፣ በእንዶድ ታሪክ ውስጥ የተክሉም ኃይል ሆነ የጠቢቡ ትጋት ፈጽሞ እንዳልጎደለ፣ የጎደለው ግን በዐይን ከታየው እውነት እስከ ሕዝብ ጥቅም ድረስ በተዘረጋው ረጅም መንገድ ላይ ስንቅ የሚያቀብል እጅ እንደ ነበረ ነው።

ስለ ደዌው ጠባይ

ብልሃርዚያ የተባለው ደዌ ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ከተማ አስከሬን ሲመረምር ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ ሁለት ማደሪያ አለው፤ አንዱ የሰው ደም ሥር፣ ሁለተኛው የጣፋጭ ውኃ ቀንድ አውጣ ነው። በአንጀት ዙሪያ ባለው ደም ሥር ውስጥ የምትኖረው እንስት ትል በየቀኑ እስከ 300 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚህም ከፊሉ ከዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈልና የሚስማማውን ቀንድ አውጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካላገኘ ይሞታል፤ ያገኘ እንደ ሆነ ግን በሥጋው ውስጥ ተባዝቶ፣ አንዱ እጭ ብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ውኃው ይመለስና ውኃ የሚቀዳውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ በመስኖ እርሻ የሚሠራውን፣ ከሁሉም ይልቅ የሚዋኘውን ሕፃን ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከሰውነት ሳይወጣ የቀረው እንቁላል በጉበትና በአንጀት ሥጋ ውስጥ እየተቀበረ ጉበቱን ያጠጥራል፣ ሆዱን ይነፋል፣ ደሙን ያሳንሳል፤ በሌላው የትል ዓይነት የተያዘው ደግሞ ፊኛው ይቆስልና ሽንቱ ደም ይቀላቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በ2021 የመከላከያ ሕክምና ያስፈልገው የነበረው ሕዝብ ከ251 ሚሊዮን በላይ ነበር።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ትሉ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም፤ በቀንድ አውጣው በር ማለፍ ግዴታው ነው። ስለዚህም በሽተኛውን ከማከም ጋር ይህን ጠባብ በር መዝጋት የተቻለ እንደ ሆነ የደዌው ሰንሰለት እንደሚበጠስ የሕክምና ሊቃውንት ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ተረድተውት ነበር።

ስለ ግኝቱ

እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው መርማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህንኑ ደዌ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ሳሉ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። የሚያጥቡትም በእንዶድ ነበርና ነጩ አረፋ ከማጠቢያው ድንጋይ እየወረደ ከወራጁ ውኃ ጋር ይቀላቀል ነበር። ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ አገኙ። ያየነው ሁሉ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ቀንድ አውጣውን የገደለው በእግር መረገጡ ወይም የውኃው ማነስ ሊሆን ይችላልና። እርሳቸውም ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ሕያው ቀንድ አውጣ ወዳለበት ወደ ላይኛው ውኃ ሄዳ ከእንዶዷ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኗት። እርሷም እንደ ተለመነችው አደረገች፤ ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ እየተኮማተሩና እየደሙ ሞቱ።

ይህች ድርጊት አጭር ብትሆንም የምርምርን ሥርዓት አሟልታ ይዛለች፤ የተጠረጠረው ምክንያት ከነበረበት ተነሥቶ ውጤቱ ወዳልነበረበት ስፍራ ተወሰደ፣ ውጤቱም ተከትሎት መጣ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የተደረገው ምርመራ ሁሉ፣ ማለት የፍሬው ዱቄት በሊትር ውኃ ስንት ሚሊግራም ቢገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል መለካቱ ሁሉ፣ በዚያች ሰዓት በወንዙ ዳር የታየውን በቁጥር መተርጎም ነበር። ዶክተር አክሊሉም እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ስለ ፍሬው ባሕርይ

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ኃይል ሳፖኒን ከሚባሉት ውሑዳን ወገን ነው። የሳፖኒን ቅንጣት አንደኛው ወገኑ ስብን የሚወድ፣ ሁለተኛው ወገኑ የስኳር ሰንሰለት ተሸክሞ ውኃን የሚወድ ስለ ሆነ፣ ውኃን አረፋ የሚያስደፍቀውም እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የሕያዋን ሕዋሳት ሽፋን ደግሞ ከስብ የተሠራ ነውና ሸማውን ያነጻው ያው ጠባይ የቀንድ አውጣውን ሥጋ ይበሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው ተለይተው ከወጡት ውሑዳን አንዱ ለዶክተር አክሊሉ መታሰቢያ ለማቶክሲን ተባለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊስ አገር ኬሚስቶች የተገለጠው ነገር ነው። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ስፍራ የስኳር ሰንሰለት የተሸከመ ስለ ሆነ ቀንድ አውጣን ለመግደል ደካማ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ ግን በዚያው በፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጥለታል፣ ብርቱውም ሳፖኒን ያን ጊዜ ይገኛል። ፍሬውን በሜታኖል ዘፍዝፎ የሚጨምቅ ኬሚስት የኤንዛይሙን ሥራ ስለሚያግድ የሚያገኘው ደካማውን ነው። እንግዲህ እናቶቻችን በሙቀጫ ወቅጠው፣ በገንዳ ዘፍዝፈው፣ በእጃቸው አሽተው የለመዱት የማጠብ ሥርዓት፣ ስሙን ሳያውቁት የኬሚስትሪን ሕግ የጠበቀ ሥርዓት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ዐድዋው ሙከራ

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ ጅረቶች ላይ እንዶድ በየጊዜው እየተጨመረ ሕዝቡ ሲመረመር፣ ገና ለትምህርት ባልደረሱት ሕፃናት ዘንድ የደዌው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። መመዘኛው በተለይ ሕፃናት የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትሉ በሰው ደም ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሚኖር በአዋቂ ሰው ላይ የሚገኘው ደዌ የቀድሞ ዘመን ውርስ ሊሆን ይችላል፤ በሦስትና በአራት ዓመት ሕፃን ላይ የሚገኘው ግን ውኃው ዛሬ ምን ያህል እንደ ተበከለ ይናገራል። በዚሁ ዘመን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ አውራጃ የተሰበሰበውን የእንዶድ ዘር እያለሙና እያመዛዘኑ፣ በኃይሉም በምርቱም የተመረጠውን 44ኛውን ዓይነት ለዩ።

እውነትን የሚወድ መርማሪ የግኝቱንም ወሰን ሳይደብቅ መናገር አለበት። እንዶድ በጥቂት ቀን ውስጥ በውኃ ፈርሶ የሚጠፋ መሆኑ ለአካባቢ መልካም ቢሆንም፣ በዚሁ ምክንያት ደጋግሞ መጨመር ያስፈልገዋል፤ ዓሣንም ይገድላል። የትሉ አስተናጋጅ የሆነው ቀንድ አውጣ ደግሞ ተባዕትነትንም እንስትነትንም በአንድ አካል የያዘ ፍጡር ነውና ከጭቃ ሥር አምልጦ የተረፈው አንዱ ብቻውን ጅረቱን እንደገና ሊሞላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሲገኝ የዓለም ሐሳብ በሽተኛውን ወደ ማከም አዘነበለ፤ ክኒኑም በእውነት ብዙ ሕዝብ አድኗል። ነገር ግን የታከመው ሕፃን በማግሥቱ ወደዚያው ጅረት ሲወርድ ክኒኑ ከአዲስ ትል አይጠብቀውምና የጠባቡ በር ጥያቄ ዛሬም እንዳለ ነው።

ስለ ዋጋና ስለ ባለቤትነት

በዚያን ዘመን ቀንድ አውጣን ለመግደል የሚታዘዘው መድኃኒት በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ የተሠራው ኒክሎሳማይድ ነበር። መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል፤ ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለ ሆነና ዓመት በዓመት መደገም ስላለበት፣ ደዌው የጸናባቸው አገሮች ደግሞ ድሆች ስለ ሆኑ፣ ዋጋው ራሱ ከደዌው ያልተናነሰ ሸክም ነበር። እንዶድ ግን በገበሬው አጥር ላይ ይበቅላል፤ ወቅቶ ለመጨመርም የመንደር ሰው ይበቃል።

ይሁን እንጂ ፍሬው በየወንዙ ይጨመር ዘንድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ሥርዓት መመርመር ነበረበት። ይህ ጥያቄ በራሱ ትክክለኛ ነው፤ የብዙ ሺህ ሰው መጠጥ በሆነ ውኃ ላይ በግምት አይሠራምና። አሳዛኙ ነገር፣ ምርመራው ብዙ ገንዘብና የታወቀ ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ገንዘቡም ቤተ ሙከራውም ምርመራውን በጠየቁት ዓለም አቀፍ አካላት እጅ መሆኑ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ኋላ እንዳስረዱት፣ ከገንዘብ እጦት የባሰው እንቅፋት በአፍሪካ ምድር በአፍሪካዊ እጅ የተሠራን ምርምር ያለማመን ልማድ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ለመርዝነት ምርመራው ርዳታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአውሮፓ በመርከብ ውኃ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባ ባለ ዛጎል ፍጡር፣ ዜብራ መስል የሚሉት፣ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ ቧንቧ እየዘጋ ታላቅ ኪሣራ አስከትሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ የሚገኘውን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በጎበኙ ጊዜ እንዶድ በዚህ ፍጡር ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም ፓተንት ተሰጠው። በፓተንቱ ላይ ስማቸው ከፈልሳፊዎቹ ጋር ተጽፏል፤ የመብቱ ባለቤት የሆነው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። የሰው ልጅ ጉበት ሲጠና ሩብ መቶ ዓመት የተንከራተተው ፍሬ፣ የብረት ቧንቧ በተዘጋ ጊዜ በ3 ዓመት ውስጥ ሕጋዊ ወረቀት አገኘ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ የአንድ ግኝት ዕድል በእውነተኛነቱ ብቻ እንደማይወሰን ነው። እውነቱን አስመርምሮ ለማስመስከር የሚበቃ ቤተ ሙከራ፣ ለምርመራው የሚሆን የራስ ገንዘብ፣ የተገኘውንም በስም የሚያስመዘግብ ሕግ የሌለው አገር፣ ዐይነ ልቡናው የበራ ልጅ ቢወልድም የልጁን ፍሬ ሌላው ይለቅመዋል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ፤ ጅረቶቻችን ግን ዛሬም ሕፃናት ይዋኙባቸዋል፣ እንዶዱም በአጥሩ ላይ አለ፤ ስለዚህ ሥራው የሚቀጥለው ተማሪ ሥራ ነው።

ያም ተማሪ ለምርምር ሲነሣ አንዲት ሴት ሊዘነጋ አይገባውም። ውሑዱ ለማቶክሲን ተብሏል፤ ፓተንቱም በሊቃውንት ስም ተጽፏል፤ በዚያን ቀን የልብሷን እጥበት አቋርጣ፣ እንዶዷን ይዛ ወደ ላይኛው ውኃ የወጣችው የዐድዋ ሴት ስም ግን በዚያ ወረቀት ላይ የለም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ግን የተሠራው በእርሷ እጅ ነው።